የጁሙዓ ማስታወሻ፦ ከላይ ደረቅ፣ ከሥር እርጥብ



ወንድሜ፣ ሰሞኑን ስልክህ ላይ ደጋግሞ የሚመጣብህን ሰውዬ ታውቀዋለህ። ስሙ ይለያይ እንጂ መልኩ አንድ ነው። ደረቱ ሰፊ፣ ክንዱ የሰው ጭን የሚያክል፣ የሆዱ ጡንቻ አንድ ሁለት ተብሎ የሚቆጠር። በሳምንቱ ውስጥ 200 ኪሎ ብረት ያነሣል፤ እሑድ ደግሞ ማራቶን ይሮጣል። ሜዳሊያውን በጥርሱ ነክሶ ፎቶ ይነሣል። ከሥሩ ሁለት ዓይነት ሰው ይሰበሰባል። ግማሹ «ማሻአላህ! እኔም ከነገ ጀምሮ» ይላል። ግማሹ «ሂድ ወዲያ ውሸታም፣ መርፌ ነው» ይላል። ዛሬ ስለነዚህ ሁለት ወገኖች እናውራ፤ ሁለቱም ሳያስቡት ከዲናችን አንድ አንድ ነገር እየጣሉ ነውና።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንግባባ። ዲናችን ስፖርትን አይጠላም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጠንካራ ሙእሚን ከደካማው ይበልጥ አላህ ዘንድ የተወደደ መሆኑን ነግረውናል፤ በሁለቱም ውስጥ መልካም ነገር አለ። ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር እሽቅድምድም ሮጠዋል፤ መጀመሪያ ዓኢሻ ቀደሙ፣ ቆይቶ ዓኢሻ ኪሎ ከጨመሩ በኋላ ደግሞ ነቢዩ ቀደሙና «ይህ በዚያኛው» ዓይነት ቀልድ ቀለዱ። ሰለማ ኢብኑል አክወዕ (ረ.ዐ) የተባሉት ሶሓባ ደግሞ ግመል ዘርፈው የሚሸሹ ፈረሰኞችን በእግራቸው ያባረሩ ሰው ነበሩ። ከዚያ ዘመቻ ወደ መዲና ሲመለሱ፣ በሩጫ ተቀድሞ የማያውቅ አንድ አንሷሪይ «እስከ መዲና የሚወዳደረኝ ማነው?» እያለ ይጣራ ጀመር። ሰለማ ነቢዩን አስፈቅደው ወረዱ። አንድ ሁለት ጉብታ እስኪያልፉ ድረስ ትንፋሻቸውን ቆጥበው ከኋላ ተከተሉት፤ ከዚያ ፍጥነት ጨመሩና ደረሱበት፤ ትከሻውን መታ አድርገው መቀደሙን ነገሩት። ይህን በሶሒሕ ሙስሊም ያነበበ ሯጭ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። የዛሬ አሠልጣኞች ማራቶንን ሲያስተምሩ የመጀመሪያው ትምህርታቸው ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ላይ አትቸኩል።

ስለዚህ መሮጥህንም ብረት ማንሣትህንም ቀጥል። (ፈጅርን ተኝተህ አሳልፈህ 20 ኪሎ ሜትር የምትሮጥ ከሆነ ግን ስለሱ ሌላ ጁሙዓ እንነጋገራለን። ዐውራውን ገልጦ ፎቶ ስለሚለጥፈውም እንዲሁ።)

ጥርጣሬው ከየት መጣ? ሁሉም ከቅናት የመጣ አይደለም። ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ሰው ሲሮጥ በየኪሎ ሜትሩ ለእያንዳንዱ የክብደቱ ኪሎ አንድ ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ማራቶኑን ለመጨረስ ወደ 2500 ካሎሪ ያወጣል፤ 95 ኪሎ የሚመዝነው ደግሞ ወደ 4000። ስብም ይሁን ጡንቻ፣ የተሸከሙት ሁሉ ሸክም ነው። ትልቅ ሰውነት ሙቀቱንም ለማስወጣት ይቸገራል። ኃይሌንና ቀነኒሳን በዐይነ ኅሊናህ ከዚያ ሰውዬ ጎን አቁማቸው፤ የሁለቱ ክንድ ተደምሮ የሱን አንዱን አያህልም።

ሌላም አለ። በ1980 (እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንደዚያው ናቸው) ሮበርት ሂክሰን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ፣ አንዳንዶቹን ክብደት ብቻ፣ ሌሎቹን ክብደትና ከባድ የጽናት ልምምድ አንድ ላይ ለ10 ሳምንት አሠራቸው። ሁለቱንም የሠሩት መጀመሪያ ጉልበታቸው ጨመረ፤ ወደ መጨረሻዎቹ ሳምንታት ግን ቆመ፣ ከዚያም መውረድ ጀመረ። ክብደት ብቻ ያነሡት መጨመራቸውን ቀጠሉ። ሰውነት አንድ ነው፤ በአንድ ጊዜ ለሁለት ጌታ ማደር ይከብደዋል። ቴስቶስትሮንና መሰሎቹ ደግሞ ጡንቻ ቶሎ እንዲያገግምና እንዲያድግ ያደርጋሉ። እንግዲህ አንዱ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሳይደክም፣ ሳይከሳ፣ ሁለቱንም ሲያደርግ ሲታይ ሰዉ «ምን ወስዶ ነው?» ማለቱ አያስገርምም።

ግን ረጋ በል። ከዚያ በኋላ የመጡ ጥናቶች ነገሩ እንዲህ ቁርጥ ያለ እንዳልሆነ አሳይተዋል። ልምምዱን በአግባቡ የከፋፈለ፣ በደንብ የሚበላና የሚተኛ፣ ለዓመታት የለፋ ሰው ሁለቱንም አብሮ ማሳደግ ይችላል። ማራቶንን በ3 ሰዓት ተኩል መጨረስ ማለት እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ ገደማ መሮጥ ነው። ለ95 ኪሎ ሰው ከባድ ነው፤ ተአምር ግን አይደለም። ስለዚህ ጡንቻውና ሜዳሊያው ብቻቸውን የሚመሰክሩት ነገር የለም።

ምርመራም አይደርስበትም። በ1999 የተቋቋመው የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ፣ ዋዳ የሚሉት፣ ሕጉን ያወጣው ለውድድር ስፖርት ነው። ስፖርተኛው በየትኛውም ሰዓት ቤቱ ተንኳኩቶ ደምና ሽንት ይጠየቃል። በብዙ ሺህ ሕዝብ መሀል 3 ሰዓት ተኩል ሮጦ የገባን የኢንስታግራም ሰው ግን ማን ሽንት ይጠይቀዋል? «ንጹሕ ነኝ» ቢል አያረጋግጥም። አንተም «አይደለህም» ብትል አታረጋግጥም።

ዲናችን የሚያስፈልገን እዚህ ላይ ነው። ሰዉ ሁለት ነገሮችን ደባልቋል። አንዱ «ይህ ሰው ይወስዳል» ብሎ መናገር ነው። ሌላው ይህን ሰው አምኖ ገንዘብንና አካልን ለሱ ምክር መስጠት ነው። ለመጀመሪያው ማስረጃ የምትጠየቀው አንተ ነህ። ለሁለተኛው ማስረጃ የሚጠየቀው እሱ ነው።

መጀመሪያውን እንይ። በሸሪዓችን ማስረጃ ማምጣት የከሳሽ ግዴታ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት 12ኛው አንቀጽ ከብዙ ጥርጣሬ እንድንርቅ አዞናል፤ ከፊሉ ጥርጣሬ ወንጀል ነውና። ከዚያ መሰለልን ከለከለ። ከዚያ ሐሜትን። ቅደም ተከተሉን ልብ በል፤ ሰው መጀመሪያ ይጠረጥራል፣ ቀጥሎ ነውር ይፈልጋል፣ ቀጥሎ ያወራል። አሁን የሰው ፎቶ አጉልቶ ትከሻው ላይ ብጉር የሚፈልገውን፣ የዛሬ 5 ዓመቱንና የዘንድሮውን ጎን ለጎን አድርጎ የሚለጥፈውን አስብ። ሦስቱንም ደረጃ በአንድ ምሽት ይጨርሳቸዋል። «እሱኮ ሙስሊም አይደለም» እንዳትለኝ። በሱረቱል ማኢዳ 8ኛው አንቀጽ፣ ሕዝብን መጥላታችን እንኳ ከፍትሕ እንዳያስወጣን ታዘናል፤ ጠልተነው ላላወቅነው ሰውማ እንዴት ይሆናል?

ይህ ጥርጣሬ በኛዋ ልጅም ላይ ደርሷል። ሲፋን ሐሰን አዳማ ላይ ተወልዳ ለኔዘርላንድስ የምትሮጥ ናት። በ2019 ዶሃ ላይ በዓለም ሻምፒዮና 10,000 ሜትሩን ባሸነፈች በቀናት ውስጥ አሠልጣኟ አልቤርቶ ሳላዛር የአበረታች ቅመም ደንብ በመጣስ 4 ዓመት ታገደ። ክሱ እሷን አይመለከትም ነበር። እሷ ግን ገና 1500 ሜትር የሚቀራት፣ ዓለም ሁሉ በጎን እያያት ነበር። 1500ውንም በ3 ደቂቃ ከ51.95 ሰከንድ አሸነፈች። ከውድድሩ በኋላ በስሜት ተውጣ ንጹሕ መሆኗን፣ ከፈለጉ በየቀኑ ሊመረምሯት እንደሚችሉ ተናገረች። ያኔ የጻፉባትን አስብ፤ ከጻፉት ውስጥ ስንቱ አንዲት ወረቀት በእጁ ነበር? ቆይቶ በ2023 የመጀመሪያ ማራቶኗን ለንደን ላይ አሸነፈች፤ ዝግጅቷ ረመዳን ላይ ያረፈ ነበር። በ2024 ፓሪስ ላይ የኦሎምፒክ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ወሰደች፤ ሒጃቧን ለብሳም ወርቋን ተቀበለች። ያን ፎቶ ስንቶቻችን ለጥፈናል! «ከዚያ አሠልጣኝ ጋር ስለነበረች ትወስዳለች» የሚለው ሚዛን ትክክል ቢሆን ኖሮ ያ ፎቶ አይለጠፍም ነበር። የምንወዳቸውን በአንድ ሚዛን፣ የማናውቃቸውን በሌላ ሚዛን አንመዝንም።

ማስረጃ ሲመጣስ? ይመጣል፤ ደግሞም የሚመጣው ከሚመለከተው አካል ነው። ኬንያዊቷ ሩት ቼፕንጌቲች በጥቅምት 2024 ቺካጎ ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ ሮጠች። የኛዋ ትዕግሥት አሰፋ ይዛው የነበረውን የሴቶች ክብረ ወሰን ወደ ሁለት ደቂቃ ገደማ አሻሻለችው። ዓለም ተጠራጠረ፤ ጋዜጠኛም ፊት ለፊት ጠየቃት። በመጋቢት 2025 በተወሰደ ናሙና ሽንት የሚያበዛ፣ ሌላ ቅመምንም ለመሸፈን ሊያገለግል ስለሚችል የተከለከለ መድኃኒት ተገኘባት። በዚያው ዓመት 3 ዓመት ታገደች። የቺካጎው ክብረ ወሰን ግን አልተሰረዘም፤ ናሙናው የተወሰደው ከዚያ በኋላ ነውና። ብዙ ሰው ይህ አንገብግቦታል፤ ይገባኛል። ግን ተመልከት፣ የያዟት ሰዎች እንኳ ፍርዳቸው ማስረጃቸው የደረሰበት ቦታ ላይ ቆሟል። እኛ ግን ማስረጃ ሳይኖረን እስከ ልቡ ድረስ እንገባለን።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ወደ «እኔም ከነገ ጀምሮ» ባዩ ልምጣ። በሱ ላይ ብዙ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ከተንኮለኛው ይልቅ የዋሁ ነው የሚጎዳውና።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ አንድ የእህል ክምር አዩ። እጃቸውን ወደ ውስጥ ሲያስገቡ ጣታቸው እርጥበት ነካ። ባለቤቱን ጠየቁት። ዝናብ ነው ያገኘው አላቸው። ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግኸውም አሉት፤ የሚያታልል ሰውም ከሳቸው እንዳልሆነ ተናገሩ። ይህን ሐዲሥ ስንሰማው ኖረናል፤ ግን ሰውየው ያጠፋው የቱ ላይ እንደሆነ አስተውለህ ታውቃለህ? ዝናቡ የሱ ጥፋት አይደለም። እህሉ መርጠቡም አይደለም። እርጥብ እህል መሸጥም አልተከለከለም፤ በእርጥብ ዋጋ ይሸጣል። ጥፋቱ እርጡብን ከሥር፣ ደረቁን ከላይ ማድረጉ ነው።

የስልክህን ሰውዬ በዚህ መዝነው። ሆርሞኑ ጎድሎበት፣ ሐኪም አይቶት ቴስቶስትሮን ያዘዘለት ሰው ሊሆን ይችላል። ይህ ሕክምና ነው፤ ዝናብ ያገኘው እህል ማለት ነው። በውድድር ስፖርት ውስጥ እንኳ እውነተኛ ሕመም ያለበት አትሌት አስቀድሞ ፈቃድ የሚጠይቅበት ሥርዓት አለ። ከላይ ያድርገው፣ ሰው ያየው፣ ከዚያ ይሽጥ። «ይህን አካል ያገኘሁት በዚህ ዱቄትና በዚህ የ12 ሳምንት ፕሮግራም ነው፤ በኔ ኮድ ከገዛችሁ ቅናሽ አላችሁ» ካለና እርጡቡ ከሥር ከሆነ ግን፣ ያ ክምር ነቢዩ እጃቸውን ያስገቡበት ክምር ነው።

የማወራው እንዲያው በግምት አይደለም። ራሱን ላይቨር ኪንግ ብሎ የሚጠራው አሜሪካዊው ብራያን ጆንሰን ጥሬ ጉበት እየበላ፣ ያን የሚያህል ጡንቻ «ከአባቶቻችን አኗኗር» ያመጣው መሆኑን እየሰበከ ሚሊዮኖችን አስከተለ፤ ከእንስሳት የውስጥ አካል የተሠሩ እንክብሎችም ሸጠ። ስቴሮይድ ትወስዳለህ ወይ ሲባል ደጋግሞ ካደ። በ2022 መጨረሻ ላይ ኢሜይሎቹ ወጡ፤ ለእድገት ሆርሞንና ለመሰል መድኃኒቶች በወር ከ11 ሺህ ዶላር በላይ የሚያወጣ መሆኑ ታየ። ከዚያ ካሜራ ፊት ተቀምጦ አመነ። ጉበቱን ጓዳው ውስጥ እየተናነቀው የበላው ልጅ ግን ገንዘቡ ተመለሰለት? ስንት ወር በመስታወት ራሱን ሲንቅ የኖረውስ?

ሱረቱል ሙጦፊፊን ሲወርድ በሚዛን የሚያጎድሉትን አስጠንቅቋል። ለራሳቸው ሲሰፍሩ ሞልተው ይወስዳሉ፤ ለሰው ሲሰፍሩ ያጎድላሉ። ወንድሜ፣ አንተ 19 ዓመትህ ነው እንበል። ከሥራ ወይም ከትምህርት በኋላ በሳምንት አራት ቀን ጂም ትገባለህ፤ የምትበላው ቤት ያለውን ነው፤ ሽሮ ከሆነ ሽሮ። በስድስት ወር ክንድህ ሁለት ሴንቲ ሜትር ጨመረ። ይህ ጥሩ ውጤት ነው! አልሐምዱሊላህ የሚያስብል ነው። አንተ ግን በዚያ ሰውዬ ሚዛን ላይ ስለወጣህ ትንሽ መሰለህ። ሚዛኑ የተበላሸ መሆኑን ስለማታውቅ ራስህን ጎደሎ አድርገህ ቆጠርክ። እሱ ያጎደለብህ የዱቄቱን ዋጋ ብቻ አይደለም። አላህ ለሰጠህ አካል የምታቀርበውን ሹክር ጭምር ነው።

ሱረቱ ኣሊ ዒምራን 188ኛው አንቀጽ ላይ፣ ባልሠሩት ሥራ መመስገን የሚወዱ ሰዎች ከቅጣት ያመልጣሉ ብለን እንዳናስብ ተነግሮናል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ያልተሰጠውን ነገር እንደተሰጠው ሆኖ የሚታይን ሰው ሁለት የሐሰት ልብስ ከለበሰ ሰው ጋር አመሳስለውታል። አንዱ ልብስ ለራሱ፣ አንዱ ለተመልካቹ እንደማለት አድርጌ እረዳዋለሁ።

ይህን የምለው ፈርደህ እንድትሰድበው አይደለም። መሸመት መተው ፍርድ መስጠት አይደለም። ገበያ ላይ ነጋዴው እጅህን ወደ ክምሩ እንዳታስገባ ቢከለክልህ «ሌባ!» ብለህ አትጮህም፤ ወደሚቀጥለው ክምር ታልፋለህ። እዚህም እንደዚያው ነው። ኮሜንት አትጻፍ፤ ኮዱንም አትጠቀም። የሚገርመው ብዙዎቻችን የምናደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ከሥር ገብተን «መርፌ» እያልን እንሳደባለን፤ ማታ ደግሞ ፕሮግራሙን በድብቅ እናወርዳለን።

ከዚህ አልፎ መርፌው ራሱ እጁ የገባ ወንድም አለ። ጂም ውስጥ አንድ ሰው «ሁሉም ይወስዳል፣ ምንም አይልህም» ብሎት። ሐላልነቱንና ሐራምነቱን ዑለሞችን ጠይቅ፤ ፈትዋ የኔ ሥራ አይደለም። ግን ራስን መጉዳትም ሌላውን መጉዳትም በዲናችን እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን፤ ጉዳቱ ደግሞ በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው። ከውጭ ቴስቶስትሮን ሲገባ ሰውነት የራሱን ማምረት ያቆማል፤ ዘር የሚፈጥረውም አብሮ ይዳከማል። ትዳር የሚያስብ ወጣት ይህን ማወቅ አለበት። የልብ ጡንቻ ያላግባብ ይወፍራል፤ ኮሌስትሮል ይበላሻል፤ በክኒን የሚወሰዱት ጉበትን ይጎዳሉ። ሯጮች የሚወስዱት ኢፒኦ የሚባለው ደግሞ ቀይ የደም ሕዋስን አብዝቶ ደምን ያወፍራል፤ የወፈረ ደም ይረጋል። በዚህ ላይ የ42 ኪሎ ሜትር ሩጫ ጨምርበት። እህቴ፣ ላንቺ ደግሞ ከዚህ የከፋ አለው፤ በነዚህ መድኃኒቶች የወፈረ የሴት ድምፅ መውሰዱን ካቆሙ በኋላም ላይመለስ ይችላል። ለአካልህ ባንተ ላይ ሐቅ አለው ሲባል የሰማነው ለጾምና ለሌሊት ሶላት እንኳ ራሳቸውን ከልክ በላይ ላደከሙ ሰዎች የተነገረ ነው። ለዒባዳ እንኳ ገደብ ከተበጀ፣ ለፎቶ ሲሆንማ?

አሁን ይህን እያነበብክ ያለኸው አንተ ከሆንክ፣ የምነግርህ ሁለት ነገር አለኝ። አንደኛ፣ ዛሬ ማታ በድንጋጤ ብቻህን አታቁመው፤ ሰውነትህ የራሱን ሆርሞን መልሶ እስኪጀምር ወራት ሊወስድ ይችላል፤ በመሀል ድብርት ይመጣል፤ ጉልበትም ይከዳል። ሐኪም ጋ ሂድና ምን ስትወስድ እንደነበር ሳትደብቅ ንገረው፤ ሚስጥርህን መጠበቅ የሱ ግዴታ ነው። ለሰፈር ወይም ለተከታይ መናዘዝ ግን አይጠበቅብህም፤ አላህ የሸፈነልህን ወንጀል ራስህ አትግለጠው። ሁለተኛው ከዚህ ይለያል። በዚያ አካልህ አሳይተህ የሸጥከው ነገር ካለ፣ አንተን አይቶ ገንዘብ የከፈለ ልጅ ካለ፣ ይህ የሰው ሐቅ ነው፤ በተውበት ብቻ አይወርድም። ገንዘቡን መልስለት። ምክንያቱን ሁሉ መዘርዘር ካቃተህ «ይህን ያገኘሁት በሸጥኩልህ ነገር አይደለም» በለው፤ ይበቃዋል።

ዛሬ ከዐስር በኋላ መግሪብ እስኪገባ ባለው ጊዜ ውስጥ ዱዓ ተቀባይነት የሚያገኝባት ሰዓት እንደምትፈለግ ታውቃለህ። ስልኩን አስቀምጠውና ቁጭ በል። የልጁን ስም ታስታውሰው ከሆነ ከመግሪብ በኋላ ደውልለት።